ከገንዘቡ በፊት የተሰጠው፦ ለሕፃናት የአንጎል ካንሰር ምርምር ስለሚሰበሰበው መዋጮ

በ1948 ዓ.ም. ሜይ 22 ቀን ምሽት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመላው አሜሪካ ይደመጥ የነበረ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ሥርጭቱን ወደ አንድ የቦስተን ሆስፒታል አዞረ። በአልጋው ላይ ካንሰር የያዘው የ12 ዓመት ልጅ ነበር። የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ተጫዋቾች እየተከታተሉ ወደ ክፍሉ ሲገቡ፣ ልጁም በደስታ ሲያወራቸው አድማጩ በየቤቱ ሆኖ ይሰማ ነበር። ትክክለኛ ስሙ አልተነገረም፤ «ጂሚ» ተባለ። ሊሰበሰብ የታሰበው 20 ሺህ ዶላር ሲሆን የተገኘው ግን ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። የዶክተር ሲድኒ ፋርበር የሕፃናት ካንሰር ምርምር ሥራ የተጠናከረው በዚህ መዋጮ ነው፤ ጂሚ ፈንድ የተባለው ድርጅትም እስከ ዛሬ ይሠራል። ልጁ ራሱ ከበሽታው ድኖ ለሃምሳ ዓመት ያህል ማንነቱ በይፋ ሳይታወቅ ከኖረ በኋላ በ1998 ተገለጠ።

ለሕፃናት ካንሰር ምርምር ገንዘብ የሚጠየቅበት መንገድ ከዚያች ምሽት ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። አንድ ልጅ ይቀርባል፤ ስሙ ይነገራል፤ ፎቶግራፉ ይታያል፤ ገንዘቡ ከተገኘ መድኃኒቱ እንደሚገኝ ተስፋ ይሰጣል። ይህ መንገድ በሉኪሚያና በሌሎች የሕፃናት ካንሰሮች ረገድ ብዙ ፍሬ አፍርቷል። በአንጎል ካንሰር ረገድ ግን ከውስጡ አንድ የተሳሳተ ግምት ይዞ ይጓዛል፤ ይኸውም የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው የሚለው ነው። የዚህ አስተያየት አቋም ለብዙ ዘመን ምርምሩን አስሮ የያዘው ከገንዘብ ይልቅ የዕጢው ናሙና እጦት እንደ ነበረ፣ የመዋጮው ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ የሠራውም ይህን እጦት ለመሙላት ሲውል እንደ ሆነ፣ ገንዘብ ሰብሳቢዎችም ለለጋሾቻቸው ይህንኑ በግልጽ መናገር እንደሚገባቸው ነው።

ፋርበር በሉኪሚያ ላይ በሠራበት ጊዜ አንድ ትልቅ ዕድል ነበረው። በሽታው በደምና በመቅኔ ውስጥ ስለሚገኝ የሕመምተኛውን ደም ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት ከሰጠ በኋላ የታመሙት ሕዋሳት መቀነስ አለመቀነሳቸውን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ያውቅ ነበር። በ1948 ያሳተመው ጥናት የበሽታውን ጊዜያዊ መሸሽ ብቻ ያሳየ ቢሆንም፣ የሚቀጥለውን ሙከራ ለማሻሻል የሚያስችል ማስረጃ በእጁ ነበር። ሉኪሚያ ዛሬ በበለጸጉ አገሮች በአብዛኛው የሚድን በሽታ የሆነው በዚህ ዓይነት ደረጃ በደረጃ በተደረገ እርምት ነው።

በአንጎል ግንድ ላይ፣ ፖንስ በተባለው ክፍል ውስጥ የሚነሣው ዕጢ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ሐኪሞች ዲ.አይ.ፒ.ጂ. ብለው የሚጠሩት ይህ በሽታ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ያጠቃል። ፖንስ መተንፈስን፣ መዋጥንና የዓይን እንቅስቃሴን የሚመሩ ነርቮች ተጠጋግተው የሚያልፉበት ቦታ ነው፤ ዕጢውም እንደ ድንጋይ ለብቻው ተለይቶ የሚቀመጥ ሳይሆን በጤነኛው ሕዋስ መካከል እንደ ውኃ የሚሰርግ በመሆኑ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ኤም.አር.አይ. ከመጣ ወዲህ ምስሉ በሽታውን ለመለየት በቂ ነው ስለ ተባለ፣ ለምርመራ ቅንጣት ናሙና መውሰድ እንኳ ያለ ጥቅም ልጁን ለአደጋ ማጋለጥ ተደርጎ ይቆጠር ጀመር። ውሳኔው በሐኪም ዓይን ትክክል ነበር። ለምርምሩ ግን ውጤቱ ከባድ ሆነ፤ ማንም አይቶት የማያውቀውን ዕጢ ለማጥፋት ለአዋቂዎች የአንጎል ካንሰር የተሠሩ መድኃኒቶች እየተዋሱ በደርዘን የሚቆጠሩ ክሊኒካዊ ሙከራዎች ተደረጉ። አንዱም ከጨረር ሕክምና የተሻለ ውጤት አላመጣም።

በዚህ መስክ ብዙ ጊዜ የሚነገር፣ ከመደጋገሙም የተነሣ ኃይሉን ያጣ የሚመስል አንድ ምሳሌ አለ። የጠፈር ተጓዡ የኒል አርምስትሮንግ ሴት ልጅ በ1962 መጀመሪያ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት በዚሁ ዓይነት ዕጢ ሞተች። የተሰጣት ዋና ሕክምና የጨረር ሕክምና ነበር። አባቷ በ1969 ጨረቃን ረገጠ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያው በሽታ የተያዘ ልጅ ያገኘው ሕክምና በመሠረቱ ያው ነበር። ምሳሌው ሁልጊዜ ስለ ገንዘብ ማነስ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በጥንቃቄ ቢታይ ግን የሚመሰክረው ስለ ሌላ ነገር ነው፦ ለጨረቃው ጉዞ መሐንዲሶቹ ሊለኩትና ሊፈትሹት የሚችሉት ነገር በእጃቸው ነበር፤ የፖንስ ዕጢ ተመራማሪ ግን በጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረውም።

በሽታው ምን ያህል ጨካኝ እንደ ሆነ በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በቁጥር አሳይቷል። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሁለት ዓለም አቀፍ መዝገቦች የተሰበሰበ የ1,008 ሕመምተኞች መረጃ ሲመረመር የመኖር ዕድሜው መካከለኛ መጠን 11 ወር ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት የኖሩት 9.6 በመቶ፣ አምስት ዓመት የኖሩት 2.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጥናቱ ራሱ ሊኖር የቻለበት ምክንያት ነው። ይህን ያህል ብርቅ በሽታ የያዘው ሕፃን በአንድ ሆስፒታል በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይታያል፤ አንድ ሺህ ሕመምተኞችን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ማሰለፍ የሚቻለው ዓመት ሙሉ ቅጽ እያስሞላ፣ ምስል እየሰበሰበና ፈቃድ እያስፈረመ የሚኖር ሠራተኛ ሲኖር ነው። ማዕከሉ በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል የሆነው ዓለም አቀፍ መዝገብ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ካቋቋሟቸው ድርጅቶች ድጋፍ አግኝቷል። ለመዝገብ ያዥ ደመወዝ ገንዘብ ስጡ የሚል ማስታወቂያ ማንንም አያስለቅስም። ሥራው ግን ያለ እርሱ አይሆንም።

የናሙናው እጦት የተሰበረው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው የቀዶ ሕክምናው መንገድ ነበር፤ በፓሪስ የሚሠሩ ሐኪሞች በ2007 ባሳተሙት ጥናት የ24 ልጆችን ናሙና በቀጭን መርፌ ሳይጎዷቸው መውሰድ እንደሚቻል አሳዩ። ሁለተኛው መንገድ በሰው ልጅ ዘንድ እጅግ የሚከብድ ነው። ወላጆች ልጃቸው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ዕጢው ከአንጎሉ ወጥቶ ለምርምር እንዲሰጥ ፈቀዱ። ሕዋሳቱ በሕይወት እንዲቆዩ ጊዜው አጭር መሆን አለበት፤ ስለዚህ ፈቃዱ የሚሰጠው ልጁ ገና በሕይወት ሳለ ነው። ብዙ ጊዜም ሐሳቡን ያነሡት ሐኪሞቹ ሳይሆኑ ወላጆቹ ራሳቸው ነበሩ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተር ሚሼል ሞንዤ ቡድን እንዲህ ከተገኘ ናሙና በቤተ ሙከራ የሚራቡ የዕጢ ሕዋሳትን አገኘ፤ ውጤቱም በ2011 ታተመ። ሕዋሳቱ ለሌሎች ቤተ ሙከራዎች ተሰራጩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2012፣ ሁለት የምርምር ቡድኖች በየበኩላቸው ዕጢው ሂስቶን ኤች3 በተባለው ፕሮቲን ላይ ከሚደርስ አንድ የዘረመል ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቁ። ለውጡ በአብዛኞቹ የፖንስ ዕጢዎች ላይ የሚገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 የአንጎል ዕጢዎችን ሲመድብ ይህን በሽታ በዘረመል ለውጡ ስም ጠራው። ከአርምስትሮንግ ልጅ ሞት እስከዚህ ግኝት ሃምሳ ዓመት ሆነ፤ ናሙናው በጠረጴዛ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ዋናው ነገር የታወቀው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የበጎ አድራጎቱ ገንዘብ የት ላይ ነው የገባው? መንግሥታዊ የምርምር ተቋማት ድጎማ የሚሰጡት የመነሻ ውጤት ላለው ሐሳብ ነው። የመድኃኒት ኩባንያ በበኩሉ ገበያ ይፈልጋል፤ በአሜሪካ በዓመት ጥቂት መቶ ልጆችን ብቻ የሚይዝ በሽታ ገበያ አይሆንም። በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ማቀዝቀዣው፣ በሌሊት ተጠርቶ የሚመጣው ቴክኒሺያን፣ ናሙናውን በአውሮፕላን የሚያጓጉዘው ድርጅት ክፍያና የወጣት ተመራማሪው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ይገኛሉ። ስዊፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው በአንድ ቤተሰብ የተመሠረተ የአሜሪካ ድርጅት ልጆቻቸውን ላጡ ቤተሰቦች ከሞት በኋላ የሚደረገውን የናሙና ልገሳ የሚያመቻች ፕሮግራም ይደግፋል። እንዲህ ያለው ሥራ ከብር ይልቅ የሰው ፈቃድ የሚሰበሰብበት ነው፤ ብሩ ፈቃዱ ከንቱ ሆኖ እንዳይቀር ይጠብቀዋል።

ይህን መሠረት አድርጎ የዘመቻዎቹን ቋንቋ መመርመር ተገቢ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የሚነገረው መፈክር ከብሔራዊ የካንሰር ተቋም በጀት ለሕፃናት ካንሰር የሚውለው 4 በመቶ ብቻ ነው ይላል። ቁጥሩ ቁጣ ያስነሣል፤ ለተመራማሪ ግን ብዙም አይነግረውም። በአሜሪካ በዓመት ከሚመዘገበው አዲስ ካንሰር የሕፃናት ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በቁጥር ብቻ ከተሄደ 4 በመቶ ትንሽ አይባልም። ደግሞም ስለ ሕዋስ አከፋፈልና ስለ ዘረመል የሚደረግ መሠረታዊ ምርምር በዕድሜ አይከፈልም፤ የሂስቶን ግኝትም ያለ ዓመታት መሠረታዊ ምርምር የሚታሰብ አልነበረም። ከመፈክሩ የሚበልጥ ክርክር በአደባባይ አለ። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በ2016 እንዳስታወቀው፣ በ1999 ከ1 እስከ 19 ዓመት በሆኑ ልጆችና ወጣቶች ላይ ከደረሰው የካንሰር ሞት ውስጥ ሉኪሚያ 29.7 በመቶ፣ የአንጎል ካንሰር 23.7 በመቶ ድርሻ ነበራቸው፤ በ2014 ግን የአንጎል ካንሰር 29.9 በመቶ ሆኖ መሪነቱን ሲይዝ ሉኪሚያ ወደ 24.9 በመቶ ወርዷል። ሉኪሚያ ወደ ኋላ የቀረው ሳይንሱ ስለ ረታው ነው። ይህ ንጽጽር ናሙና ያለው ምርምርና ናሙና የሌለው ምርምር የደረሱበትን ርቀት ስለሚያሳይ፣ ከ4 በመቶው ይልቅ ለለጋሹ እውነቱን ይነግረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ 11 ወር አለው። መዋጮው የሚደግፈው ሐሳብ ወደ ክሊኒክ እስኪደርስ ድረስ፣ ከደረሰም፣ ዐሥር ዓመት ቢወስድ አያስደንቅም። የዘመቻው ጽሑፍ ይህን ሲደብቅ የሚታለለው ለጋሹ ብቻ አይደለም፤ ተስፋ የቆረጡ ወላጆችም «መድኃኒቱ ሊደረስበት ነው» የሚለውን ቃል ይዘው ያልተፈተነ ሕክምና ፍለጋ አገር ለአገር ይንከራተታሉ። እውነቱ ከተነገረ ሰው አይሰጥም የሚሉ አሉ። የአንዲት ልጅ ታሪክ ግን ይህን ፍርሃት የሚያረጋግጥ አይደለም።

ገብርኤላ ሚለር በቨርጂኒያ ግዛት ትኖር የነበረች ልጅ ናት። ዕጢዋ የዋልነት ፍሬ እንደሚያህል በሰማች ጊዜ የዋልነት ፍሬ በመጥበሻ መፍጨት ጀመረች፤ ቤተሰቧ ያቋቋመው ድርጅትም ስሙን ከዚሁ ወሰደ። በሕይወት ሳለች ፖለቲከኞች ከንግግር ይልቅ ሥራ እንዲያሳዩ በአደባባይ ጠየቀች። በኦክቶበር 2013 በዐሥር ዓመቷ ሞተች። በኤፕሪል 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ በስሟ የተጠራውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ቀድሞ ለፓርቲዎች ጉባኤ ይሰጥ የነበረውን የመንግሥት ገንዘብ አስቀርቶ ለሕፃናት ምርምር ለዐሥር ዓመት በየዓመቱ 12.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ፈቀደ። (ሁለት ፓርቲዎች የራሳቸውን ድግስ ገንዘብ ለመተው የተስማሙበት ቀን በታሪክ ብርቅ ነው።) በገንዘቡ የተቋቋመው ፕሮግራም የሕፃናት ካንሰርንና ከውልደት ጋር የሚመጡ የአካል ጉድለቶችን የዘረመል መረጃ በጋራ ቋት አሰባስቦ ለተመራማሪዎች ከፍቷል። ከዚህ ሁሉ ለራሷ ለገብርኤላ የተረፋት ነገር አልነበረም። ሰው ግን ሰጠ፤ ሕግ አውጪውም ፈረመ።

ሌላው ችግር መበታተን ነው። ልጅ በሞተበት ቤት በስሙ ድርጅት ይመሠረታል፤ በዓመት ጥቂት ሺህ ወይም ጥቂት መቶ ሺህ ዶላር ይሰበስባል፤ ለሚያውቀው ሆስፒታል ይሰጣል። የተመራማሪዎች ወግ ይህን እንደ ብክነት ያየዋል። በከፊል እውነት ነው፤ አምስት ትናንሽ ድጎማዎች አምስት ጊዜ ያንኑ ሙከራ ሊያስጀምሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ወላጆቹን የሚያንቀሳቅሳቸው የልጃቸው ስም ነው። ስሙ ከተወሰደ መዋጮውም ይቀራል። የተሻለው መንገድ ዲ.አይ.ፒ.ጂ. ኮላቦሬቲቭ በተባለው ኅብረት ታይቷል፤ የየልጁን ስም የያዙ ድርጅቶች ስማቸውን ሳይለቁ ገንዘባቸውን አጣምረው፣ ማመልከቻዎችን በአንድ የሳይንስ ጉባኤ እያስገመገሙ ይደጉማሉ።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደር ወይም ለጅማ ተመራማሪ ምን ይመለከተዋል? በኢትዮጵያ ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመድኃኒት፣ ለትራንስፖርትና ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ይውላል፤ መዋልም ያለበት ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። የሚታወቅ ሕክምና ሳይደርሳቸው የሚሞቱ ልጆች ባሉበት አገር ሕክምና ላልተገኘለት ዕጢ ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው እንደ ነበረም አይዘነጋም።

ሆኖም በትንሽ ወጪ ሊጠበቅ የሚችል አንድ ነገር አለ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 ሥራ ጀምሯል። ለሕክምና ሲባል ቀዶ ሕክምና ተደርጎ የወጣ የልጅ የአንጎል ዕጢ በፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ በሰም ተከትሎ ይቀመጣል፤ ከልጁ የሕክምና ታሪክ ጋር ተያይዞ በሥርዓት ከተቀመጠና የወላጅ ፈቃድ ከኖረው ለዓመታት ያገለግላል፤ ካልሆነ ቁጥሩ የጠፋ የሰም ቁራጭ ነው። የሕክምናውን ፈንድ የሚሰበስቡ ማኅበራት ከመዋጮው ጥቂቱን ለዚህ ቢያውሉ ከሚታከመው ልጅ አፍ የሚነጥቁት ነገር የለም፤ መዝገቡ የተሟላ ከሆነ ስንት ልጅ ሕክምና ሳይደርሰው እንደቀረ የሚነግራቸውም እርሱ ነው። ከሞት በኋላ የሚደረገው ልገሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀብር በማግሥቱ ወይም በዕለቱ በሚፈጸምበት፣ የአስከሬን ምርመራም ከፖሊስ ጉዳይ ጋር ተያይዞ በሚታሰብበት ማኅበረሰብ የሌላ አገር ቅጽ ተርጉሞ ማስፈረም አይሆንም፤ ከካህናቱ፣ ከሼኮቹና ከዕድሩ ጋር መነጋገር ይቀድማል።

የተመራማሪው ግዴታ ደግሞ ለለጋሹ የከሸፈውንም መንገር ነው። በ2015 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ቤተ ሙከራዎች በተለገሱት ሕዋሳት ላይ ብዙ መድኃኒቶችን ፈትነው ፓኖቢኖስታት የተባለውን ተስፋ ሰጪ ሆኖ አገኙት፤ በሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግን የተጠበቀውን ውጤት አላመጣም። በኦገስት 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ዶርዳቪፕሮን የተባለውን መድኃኒት በተፋጠነ ሥርዓት ሲያጸድቅ ዜናው በየዘመቻው ተበሠረ። ለማጽደቂያ የቀረበው መረጃ የ50 ሕመምተኞች ነበር፤ ዕጢያቸው የቀነሰው 22 በመቶ ናቸው፤ በፖንስ ላይ የተነሡት ዕጢዎች ደግሞ በትንተናው አልተካተቱም። ይህ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር በአብዛኛው ከብሥራቱ ጋር አልተጻፈም።

በኖቬምበር 2024 የስታንፎርድ ቡድን የሕመምተኛውን የራሱን የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት አሠልጥኖ መልሶ የመስጠትን ሕክምና ውጤት አሳተመ። ከታከሙት 11 ልጆችና ወጣቶች 9ኙ የተወሰነ መሻሻል አሳዩ፤ የአራቱ ዕጢ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የአንዱ ከምስሉ ላይ ጠፋ። ሌሎቹ በበሽታው ሞተዋል ወይም በሽታው ተመልሶባቸዋል። ሕክምናው የሚያነጣጥረው ጂ.ዲ.2 የተባለ የሕዋስ ምልክት በዕጢው ላይ በብዛት መኖሩ የታወቀው በ2018 ሲሆን፣ ምርመራው የተደረገው ከሞቱ ልጆች ተለግሰው በቤተ ሙከራ በተራቡ ሕዋሳት ላይ ነበር።